ነገራ አለ ወይ?

(ለትምህርት ወደ ጀርመን ለሚጓዙ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ዲስኩር)



አዘጋጆቹ የጋበዙኝ የውጭ አገር ተማሪ በክፍልና በግቢ ስለሚያሳልፈው ሕይወት እንድናገር ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያልገባችሁ ወይም ያልተዋጠላችሁ ነገር ሲያጋጥማችሁ እጃችሁን አውጡና አቋርጡኝ። እስክጨርስ አትጠብቁ። ለወግ ያህል አይደለም የምለምናችሁ፤ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ዋናው ነገር ይኸው ነው።

የተወለድኩት ጎጃም ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ደጅ ለደጅ እየለመኑ፣ የመንደሩን ውሻ በዱላ እየመከቱ፣ ከዋሸራ እስከ ዋድላ መምህር ፍለጋ ዞረዋል። እኔ ደግሞ የአስኳላ ልጅ ነኝ። ወንዶ ገነት ገብቼ ደን ተማርኩ፤ ጥቂት ዓመት ከሠራሁ በኋላ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቼ ለማስተርስ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። የሄድኩ ዕለት አባቴ መርቀውኝ ሲያበቁ «እንግዲህ አንቺም የቆሎ ተማሪ ሆንሽ» አሉኝ። ያኔ ሊያጽናኑኝ ያሉት መስሎኝ ነበር።

ጎቲንገን ጀርመን መሃል አካባቢ ያለች፣ ትልቅ የማትባል፣ ተማሪ የሞላባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ በይፋ የተከፈተው በ1737 ነው፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። አደባባይዋ ላይ ዝይ የያዘች የልጃገረድ ሐውልት አለች፤ ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው ወደ ሐውልቷ ወጥቶ ይስማታል። እዚያች ከተማ የደረስኩት በጥቅምት መግቢያ ላይ ነበር። የክረምቱ ሴሚስተር በደንቡ ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 ነው፤ ትምህርቱ ግን የሚጀምረው በኦክቶበር አጋማሽ ነው። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ለማዘጋጃ ቤት አድራሻ ማስመዝገብ፣ የጤና መድን፣ የባንክ ሂሳብ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ እነዚህ ሁሉ ቀጠሮ ይፈልጋሉ፤ ቀጠሮውም ቶሎ አይገኝም።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ፕሮግራሙ ላይ «10 ጼ ቴ» ተብሎ ተጽፏል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ቀድሜ ደረስኩ፤ አዳራሹ ባዶ ነው። 4 ሰዓት ሞላ፤ ሁለት ሰው ብቻ ገባ። ቦታ የተሳሳትኩ መስሎኝ ልወጣ ቦርሳዬን ስሰበስብ፣ ልክ በሩብ ላይ አዳራሹ ጢም አለ፤ መምህሩም ገቡ። «ጼ ቴ» የላቲን ምሕጻር ነው፤ ትምህርቱ ከተጻፈው ሰዓት ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል ማለት ነው። «ኤስ ቴ» ከተባለ ግን በሰዓቱ ነው፤ ያኔ ማርፈድ ነውር ነው። ትምህርቱ ሲያበቃ ተማሪው ሁሉ በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን ያንኳኳ ጀመር። የተቆጡ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ምስጋና ነው። ለመምህር አያጨበጭቡም፤ ጠረጴዛ ያንኳኳሉ።

ስለ ክፍሉ ልንገራችሁ። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የሚሰጠውን ትምህርት ቮርሌዙንግ ይሉታል። ቃሉ በቀጥታ «ለሰው ማንበብ» ማለት ነው፤ መጽሐፍ ውድ በነበረበት ዘመን መምህሩ ያነብ፣ ተማሪው ይጽፍ ስለነበር ስሙ እንዲሁ ቀረ። እዚያ ውስጥ ማንም ስም አይጠራም። ብትቀሩ አይፈልጓችሁም፤ ብትተኙም አይቀሰቅሷችሁም። ልጆች፣ ይህ ነፃነት ብዙ ሰው የሚወድቅበት ገደል ነው። አንድ ክሬዲት እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይቆጠራል፤ በሴሚስተር 30 ክሬዲት ስትወስዱ 900 ሰዓት ማለት ነው። በእኔ ፕሮግራም ክፍል ውስጥ የምንቀመጠው ከዚህ ሲሶውን ያህል ነበር። የቀረውን ማን እንደሚቆጣጠረው ብትጠይቁኝ፣ ማንም። ከዚያ በፌብሩዋሪ ፈተናው አንድ ላይ ይመጣል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ደንብ አንድን ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው ከዚያ ፕሮግራም ይሰናበታል። ነጥቡም የእኛን የሚገለብጥ ነው። እዚህ 4.0 ያመጣ ልጅ በግ ይታረድለታል፤ እዚያ ከሁሉ የሚበልጠው 1.0 ነው፣ 4.0 ለጥቂት ማለፍ ነው፣ 5.0 መውደቅ ነው። የመጀመሪያ ውጤታችሁን ለቤተሰብ ስትነግሩ ይህን አብራችሁ ንገሯቸው።

እኔ ግን የተፈተንኩት በፈተናው አይደለም። በሴሚናር ነው።

ሴሚናር ማለት 14 ተማሪ ክብ ሠርቶ የሚቀመጥበት ትንሽ ክፍል ነው። በየሳምንቱ ሁለት የጥናት ጽሑፍ አንብባችሁ ትመጣላችሁ፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ገለጻ ያደርጋል፤ ሌላው ይጠይቃል፣ ይቃወማል፣ ይጨምራል። መምህሩ ጥግ ይዘው ያዳምጣሉ። ከኔፓል፣ ከጋና፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከብራዚል የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ጀርመኖቹ አምስት ናቸው። እኔ እያንዳንዱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነባለሁ። ዳሩን በእርሳስ እሞላዋለሁ። ክፍል እገባለሁ፤ ደብተሬን እከፍታለሁ፤ ዝም እላለሁ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አምስት ሳምንት። የምለው ነገር ጠፍቶኝ አልነበረም። መምህሩ ፊት ካልተጠየቅሁ አለመናገርን አክብሮት ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ጓደኛዬ ሲሳሳት በሰው ፊት ማረምም ማዋረድ ይመስለኝ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት መምህሩ ለቀጠሮ ሰዓታቸው ጠሩኝ። በር ዘግተው ወንበር ሰጡኝና በጣም በትሕትና «ጽሑፎቹን ለማንበብ ጊዜ አጣሽ?» አሉኝ።

«ሁሉንም አንብቤያለሁ» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን አሰብሽባቸው?»

ደብተሬን አሳየኋቸው። ገጽ በገጽ አገላበጡት፤ ብዙ ቆዩበት። ቀና ብለው «ይህን ሁሉ ይዘሽ ዝም ስትይ እኮ ሌሎቹን እየከለከልሻቸው ነው» አሉኝ።

ሰው ከለከልሽ ተብዬ አላውቅም ነበር። ስወጣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አልሆነም፣ ግን መሽቷል። እንግዲህ ይህንንም ስሙ፤ በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚባል ነገር የለም። ሰው የሚከፋው በትምህርቱ ብቻ አይደለም፣ በጨለማውም ነው። በእግሬ ወደ ዶርም ሄድኩና ለአባቴ ደወልኩ።

አባቴ ስለ ምግቡ፣ ስለ ብርዱ ጠየቁኝ። ከዚያ «ትምህርቱስ?» አሉኝ። ከበደኝ አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ቀጥለው ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ። «እዚያ አገር ነገራ አለ ወይ?»

ይህን ቃል የማታውቁት ልጆች ትኖራላችሁ፤ ልግለጸው። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑን ወደ ከበበው ደን ይወጣል። ለየብቻው ዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል። ይህ ቆጠራ ይባላል። ከዚያ ይመለስና መምህሩ ፊት ቆሞ የቆጠረውን ይናገራል። ያ ነው ነገራ። መምህሩ ይሰማሉ፤ ቤቱ ከጎደለ፣ ምስጢሩ ከተዛባ፣ እዚያው ያቃናሉ። ጓደኞቹም ይሰማሉ። ቆጥሮ የማይነግር ተማሪ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ መምህሩ ሊያቃኑ የሚችሉት የተነገረውን ነውና።

«አለ» አልኳቸው፣ ገና እያሰብኩ። «ክብ ሠርተን ተቀምጠን እንናገራለን።»

«ታዲያ አንቺ ቆጥረሽ ቆጥረሽ ለማን ልታስቀምጪው ነው?» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዝምታዬን ባህሌ ነው ብዬ ስከላከልለት ከርሜ ነበር። የማን ባህል? የአባቴ አልነበረም። እሳቸው ያደጉት አንድን ጥቅስ ይዘው «አንድም»፣ አሁንም «አንድም» እያሉ ፍቺ በፍቺ ላይ በሚደርቡ ሊቃውንት መካከል ነው። ያ ጉባኤ አንድ መልስ ብቻ ተቀብሎ አይነሳም። ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እዚያው ጎጃም ውስጥ ጉባኤ ዘርግተው ወንዱን ሁሉ ቅኔ ሲያስተምሩ፣ ዝም ብለው ተቀምጠው አይደለም እዚያ የደረሱት። እኔ ዝምታን የተማርኩት በአስኳላው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ሆነን፣ አስተማሪው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እኛ እየገለበጥን፣ የጠየቀ ልጅ ጊዜ አባካኝ እየተባለ። በዜማ ቤትም በንባብ ቤትም ቃል በቃል መያዝ እንዳለ አውቃለሁ፤ አልክድም። ግን የአባቶቻችን ትምህርት ጫፉ ላይ ሲደርስ ተማሪው አፉን እንዲከፍት ያስገድደው ነበር። ይህን ክፍል ነው እኛ ጥለን የመጣነው። ይቆጨኛል፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት የሴሚናሩ ርእስ የደን ጥበቃ ነበር። ገለጻ ያደረገው ልጅ ደን ያለ መንግሥት ዘበኛ አይጠበቅም የሚል ሐሳብ አቀረበ። እጄን አነሣሁ። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ፣ ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ በሆነበት አገር፣ ከሰማይ ሲታይ እንደ አረንጓዴ ነጠብጣብ የተበተነ ደን እንዳለ ነገርኳቸው። እያንዳንዱ ነጠብጣብ መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው ለዘመናት የቆመው በዘበኛ አይደለም፤ በግዝትና በክብር ነው። ቅጠሉ የታቦቱ ልብስ ነው ይባላል አልኳቸው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ የጋናው ልጅ በእነሱም አገር እንዲህ ያለ የተከበረ ደን እንዳለ ተናገረ። የኔፓሏ ልጅ ቀጠለች። ገለጻ አድራጊው ራሱ ደብተሩን ገልጦ ይጽፍ ጀመር። በመጨረሻ ከጀርመኖቹ አንዷ «ትልልቆቹ ዛፎች ሲያረጁ የሚተካቸው ችግኝ ከሥራቸው አለ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም ነበር። በልጅነቴ በዚያ ደን ውስጥ ሮጫለሁ፤ ዛፎቹን በስማቸው አውቃለሁ፤ መሬቱን ግን አላየሁትም። ሳስበው ግን ላሞቹ ጥላ ፍለጋ እዚያ እንደሚገቡ፣ ሥሩም ራቁቱን እንደሆነ ትዝ አለኝ። «አላውቅም» አልኩ፣ ሰው ፊት፣ መምህር ፊት። መምህሩ ፈገግ ብለው «ጥሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽን አገኘሽ» አሉ። ያቺ ጥያቄ ሁለት ዓመት አብራኝ ኖረች።

ክፍሉ በግድግዳ ብቻ የታጠረ አይደለም። ደን ለሚማር ሰው ግማሹ ትምህርት ጫካ ውስጥ ነው፣ ዝናብ ቢዘንብም። አንድ ማለዳ መምህራችን ኮረብታው ላይ አቆሙንና ክንዳቸውን ዘርግተው አውራ ጣታቸውን አቆሙ። ባሉበት ቆመው አንድ ዙር እየዞሩ፣ ግንዱ ከአውራ ጣታቸው ሰፍቶ የታያቸውን ዛፍ ሁሉ ቆጠሩ። ያ ቁጥር በአንድ መደበኛ ቁጥር ሲባዛ በአንድ ሄክታር ላይ ያሉት ዛፎች የግንድ ስፋት ድምር በካሬ ሜትር ይወጣል። ዋልተር ቢተርሊኽ የተባለ የኦስትሪያ የደን ባለሙያ በ1940ዎቹ ያገኘው ዘዴ ነው። የእያንዳንዱን ዛፍ ውፍረት ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ በሜትር እየጠመጠሙ መለካት ለለመደች ልጅ ተአምር መሰለኝ። ይህን ትምህርት በአማርኛ የደን ቆጠራ ነው የምንለው። ለአባቴ ስነግራቸው ሳቁ። «እኔም ደን ውስጥ ነው ቆጠራ የወጣሁት» አሉ።

ሃርትስ የሚባሉት ተራሮች ድረስም ወስደውን ነበር። ከ2018 ድርቅ ጀምሮ ጥንዚዛ የበላው ደን ከአድማስ እስከ አድማስ ግራጫ ሆኖ ቆሟል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ረድፍ በረድፍ ተክለው ስለነበር አንዱ ሲሞት ሁሉም ሞተ። የሚገርመው፣ ደን ከሚያድገው በላይ አይቆረጥ የሚለውን ሐሳብ ገና በ1713 በመጽሐፍ ያሳተመው ሰው፣ ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ፣ የዚያው አገር ሰው ነው። የማዕድን አስተዳዳሪ ነበር፤ ብር ለማቅለጥ የሚነደው እንጨት እያለቀ አስጨንቆት ጻፈው። እዚያ ግራጫ ተራራ ላይ ቆሜ የእኛን የባሕር ዛፍ ኮረብታዎች አሰብኩ። መምህራችን የአገራቸውን ስሕተት ከባዕድ ተማሪ ፊት ሳይሸፋፍኑ ነው ያስረዱን። ይህም ትምህርት ነበር፤ እንዲያውም የበለጠው።

ወደ ግቢው ልምጣ። ምሳ ሜንዛ ነው፤ የተማሪ ካፌ፤ በርካሽ ትበላላችሁ፤ በጾም ቀን የአትክልት ምግብ አይጠፋም። ስፖርት አለ፤ ለትንሽ ክፍያ ከዋና እስከ ተራራ መውጣት። ገንዘቡን በተመለከተ፣ በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ ባደን ቩርተምበርግ ግን ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። በራሳችሁ የምትሄዱ ለቪዛ በዝግ ሂሳብ የምታስቀምጡት ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይፈቀዳል። ወላጆች፣ እባካችሁ ልጃችሁ እየሠራ ገንዘብ ይልካል ብላችሁ አትጠብቁ። ቀን ዕቃ ሲያነሣ ውሎ ማታ ሲያጥብ የሚያመሽ ልጅ ያን 900 ሰዓት ከየት ያመጣዋል?

ከአገር ልጅ ጋር ቡና መጠጣት ነፍስ ይመልሳል፤ አትተዉት። በእሱ ብቻ ግን አትታጠሩ። እኔን ከግቢው ሕይወት ሁሉ የጠቀመኝ ታንደም የሚሉት ነገር ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስማችሁንና የምትፈልጉትን ቋንቋ ትጽፋላችሁ፤ እናንተ የእናንተን ታስተምራላችሁ፣ ያ ሰው የእሱን። አንዲት የቋንቋ ጥናት ተማሪ አማርኛ እፈልጋለሁ ብላ ጽፋ አገኘኋት። በየሐሙሱ እንገናኝ ጀመር፤ አንድ ሰዓት ጀርመንኛ፣ አንድ ሰዓት አማርኛ።

ጀርመንኛ ከብዶኝ ነበር፤ ግን እሷ ያላሰብኩትን አሳየችኝ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ዱ»ንና «ዚ»ን መለየት ያስቸግረዋል፤ አንተና እርስዎ ብሎ ላደገ ሰው ግን አዲስ ነገር አይደለም። በጥገኛው ዐረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ፤ እኛ ሁልጊዜ የምናደርገው ነው። እሷ ደግሞ ትጠይቀኛለች። «ሰበረ» እና «ሰባበረ» በምን ይለያያሉ? ሁሉም ግሥ እንዲህ ይደጋገማል? «አለ» ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ ለምን ፊደሉ አንድ ሆነ? እየተናገርኩት ያደግሁትን ቋንቋ እንደ ባዕድ ቆሜ አየሁት። መልሱን አንዳንዴ ከአባቴ በስልክ እጠይቅላታለሁ፤ እሳቸውም ሐሙስን መጠበቅ ጀመሩ።

በፀደዩ አብረን በባቡር ጎታ ወደምትባል ከተማ ሄድን። ፍሪደንሽታይን የሚባለውን ቤተ መንግሥት ልታሳየኝ ነው። በ1652 የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ፣ ከሮም በጎታው መስፍን በኤርንስት ግብዣ ተነሥተው፣ እዚያ ገብተዋል። የጠበቃቸው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ወራት ተቀምጠው ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳሉ፤ ስለ ቃሉ፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ሥርዓቱ። በ1681 የወጣው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 የታተሙት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከዚያ ጭውውት ብዙ ቀድተዋል። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብራ ባሕር ላይ ቀሩ። ጓደኛዬ መስኮቱ ሥር ቆማ «የመጀመሪያው ታንደም» አለች። እውነቷን ነው፤ ግን እኔ ሌላም ነገር አሰብኩ። አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን የገቡት ሊማሩ አልነበረም፤ እውቀት ይዘው ነው። በ1905 አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በርሊን ሲሄዱም በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛ ሊያስተምሩ ነው። እናንተ ሻንጣችሁ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ስትከቱ፣ ስለ አገራችሁ የምታውቁትን ደርዝ አስይዛችሁ ያዙ። ይጠይቋችኋል።

አንድ ሌላ ታሪክ ጎቲንገን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘሁ፤ ከደን ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ግን ልንገራችሁ። በ1837 የሃኖቨር ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን ሻረ። ሰባት የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰሮች፣ ተረት በመሰብሰብ የሚታወቁት የግሪም ወንድማማቾችም ከእነሱ ውስጥ ናቸው፣ ተቃውመው ፈረሙና ከሥራቸው ተባረሩ። ከሰባቱ አንዱ ሃይንሪኽ ኤቫልት የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ነበር። ወደ ቱቢንገን ሄደ፤ እዚያ አንድ ተማሪ አገኘ፤ አውጉስት ዲልማን። ዲልማን በ1857 የግእዝን ሰዋስው፣ በ1865 ትልቁን የግእዝ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ዛሬም ግእዝ የሚያጠና ሰው ዲልማንን ሳያነሣ አያልፍም። አንድ መምህር ጎቲንገን ላይ ዝም አልልም ስላለ ግእዝ እንዲህ ያለ አጥኚ አገኘ። ለአባቴ ይህን ስነግራቸው ብዙ ዝም አሉ፤ ከዚያ ስሙን ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ጻፉት መሰለኝ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ አገር ቤት ተመልሼ ጎጃም ውስጥ ስድስት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለካሁ። ካህናቱ አስቀድመው ጥርጣሬ ነበራቸው፤ ሴት ልጅ ሜትር ይዛ ደን ውስጥ ምን ታደርጋለች ብለው። አባቴ አብረውኝ ሄዱ። በሦስቱ ደኖች ዙሪያ ምእመናን በድንጋይ ካብ አጥር ሠርተዋል፤ ከብት አይገባም። እዚያ ችግኙ ከጉልበት በላይ ነው። አጥር በሌላቸው ግን ከሽማግሌ ዛፎች ሥር ልጅ የለም። የጀርመኗ ልጅ ያነሣችው ጥያቄ መልሱ ካብ ሆኖ ተገኘ። ከትልቅ ወይራ ሥር ሁለት የቅኔ ተማሪዎች ለየብቻ ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አባቴ አይተዋቸው እንዳናውካቸው በጣታቸው ምልክት ሰጡኝና ሌላ አቅጣጫ መለካት ጀመርኩ።

የመመረቂያ ጽሑፌን መምህራን ፊት የተከላከልኩት በሚቀጥለው ዓመት በጁላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ፤ አርባ ደቂቃ ጠየቁኝ። ስታቲስቲክሱ ላይ አንድ ቦታ አረሙኝ፤ የአፈሩ ናሙና ጥልቀት ላይ ተከራከርን፣ እኔ ተሸነፍኩ፤ ሦስተኛውን ጥያቄ ግን አልለቀቅሁም፤ መምህሬ ፈተናውን ረስተው ከጓደኛቸው ጋር በእኔ ጉዳይ ይከራከሩ ጀመር። ሲያበቃ ያቺን አምስት ሳምንት ዝም ያልኩባትን ጠረጴዛ የምትመስል ጠረጴዛ ሁሉም በጣታቸው አንኳኩ።

ወጥቼ ደወልኩ። «ነገራው እንዴት ሆነ?» አሉ አባቴ።

«አለፍኩ፣ አባዬ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ስንት ቦታ አቃኑልሽ?»

«ሁለት ቦታ።»

ትንሽ አሰቡና «ሁለት ብቻ?» አሉኝ። «እንግዲያው በደንብ አልሰሙሽም፤ ስትመጪ ለእኔ ትነግሪኛለሽ።»